ሞተር ከመለወጥ በፊት፦ ከትንሿ የናይትሮ መኪና እስከ ባጃጅ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



በጠረጴዛው ላይ የምትመለከቷት ይህች መኪና ርዝመቷ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የምትታዘዝ ናት። ይሁን እንጂ እንደ ብዙዎቹ መሰሎቿ በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር አትሄድም፤ በውስጧ ነዳጅ የሚያቃጥል እውነተኛ ሞተር አላት። የሲሊንደሯ መጠን 3.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህች ጠባብ ክፍል በደቂቃ ከ30,000 ጊዜ በላይ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ500 ጊዜ በላይ ልትዞር ትችላለች። ዛሬ ግን አላስነሣትም። የምትጠጣው ነዳጅ በከተማችን አይሸጥም፤ በአውሮፕላን ይዞ መምጣትም አይፈቀድም። ስለዚህ በእጄ እያዞርኩ አሳያችኋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በከተማችንና በዩኒቨርሲቲያችን የደረሰውን ዘረፋና ውድመት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ወደ ሥራ ስንመለስ ለማስተማሪያ የሚሆን የተሟላ ሞተር ማግኘት ቸግሮን ነበር። ይህች መኪና በዚያን ጊዜ በእኔ እጅ ስለነበረች ተረፈች፤ ለአንድ መንፈቅ ያህልም የሙቀት ሞተሮችን ትምህርት ያስተማርኩት በእርሷ ነው። የዛሬው ርዕሴ ሞተር ስለ መለወጥ ነው። ከዚህች ትንሽ መኪና ተነሥቼ በወልድያ ጎዳና ላይ እስከሚርመሰመሰው ባጃጅ ድረስ እወስዳችኋለሁ። ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፦ አሮጌው ሞተር በምን ምክንያት እንደ ሞተ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ሞተር በዚያው ምክንያት ይሞታል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የዶክትሬት ትምህርቴን በህንድ ሀገር ስከታተል ይህችን መኪና የያዘ አንድ የመኝታ ክፍል ጎረቤት ነበረኝ። ሞተሩ ኃይል አጣና ቆመ። ጎረቤቴም ከወርኃዊ ድጎማው ለወራት አጠራቅሞ አዲስ ሞተር ገዛ። እኔ የመካኒካል መሐንዲስ ነኝ ብዬ በኩራት ልግጠምልህ አልኩት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ገጠምኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። የነዳጅ መቆጣጠሪያዋን ቪቴ ጭሱ እስኪጠፋና ድምፁ እስኪሰላ ድረስ አጠበብኩት። መኪናዋ እንደ ተወንጫፊ ድንጋይ ሮጠች፤ እኛም አጨበጨብን። ሦስተኛው የነዳጅ ጋን ሳያልቅ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ፈትተን ስናየው ፒስተኑ እንደ አሮጌው ፒስተን ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። አየር ማጣሪያው ከካርቡራተሩ ጋር የሚገናኝበት የጎማ አንገት በጥፍር ልክ ተሰንጥቆ ኖሯል። ሁለቱንም ሞተሮች የገደለው ያ ስንጥቅ ነው፤ ሁለተኛውን ግን እኔም አግዤዋለሁ። ጎረቤቴ ተመርቆ ወደ ከተማው ሲመለስ መኪናዋን ከነሞተ ሞተሯ በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። የመረጥኩት ትምህርት አልነበረም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

አሁን ወደ ሞተሩ አሠራር እንግባ።

የናይትሮ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ነዳጁ ከሦስት ነገሮች ይቀላቀላል፦ ከሜታኖል፣ ከናይትሮሜቴንና ከቅባት። የናይትሮሜቴኑ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው። ናይትሮሜቴን በሞለኪዩሉ ውስጥ ኦክስጅን ስለያዘ ለመቃጠል ብዙ አየር አይፈልግም። አንድ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይሻል፤ ሜታኖል 6.4 ግራም ያህል፤ ናይትሮሜቴን ግን 1.7 ግራም ብቻ። በመሆኑም በዚያችው ጠባብ ሲሊንደር ውስጥ በአንድ ምት ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ የኃይሏ ምሥጢርም ይኸው ነው። ካንዴላዋ እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አትፈጥርም። በውስጧ ያለችው የፕላቲኒየም ጥምዝ ሽቦ በመነሻው በ1.5 ቮልት ገደማ ባትሪ ትግላለች፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነሣል። ከዚያ በኋላ የቃጠሎው ሙቀትና ፕላቲኒየም ከሜታኖል ጋር የሚያደርገው የኬሚካል መስተጋብር ሽቦዋን እንደጋለች ያቆያታል።

እዚህ ላይ በጥሞና ስሙኝ። በዚህ ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሦስት ሥራ ይሠራል። ይቃጠላል፤ ቅባቱን ተሸክሞ ያለሰልሳል፤ ያቀዘቅዛልም። ሜታኖል ከፈሳሽነት ወደ ተን ሲለወጥ በኪሎ ግራም ወደ 1,100 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህ ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ያጠበበ ሰው ቅባቱንም ማቀዝቀዣውንም አብሮ አጠበበ ማለት ነው። እኔ በህንድ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በስንጥቁ የገባው ተጨማሪ አየር በራሱ ድብልቁን ነዳጅ የጎደለው አድርጎት ነበር፤ እኔ ደግሞ ቪቴውን አጥብቄ ጨመርኩበት። አቧራውም አብሮ ገባ።

ሁለተኛው ልዩ ነገር የፒስተኑና የሲሊንደሩ ግጥም ነው። ፒስተኑ ፋሻ የለውም። ፒስተኑ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል፤ የሚመላለስበት ቱቦ ደግሞ በክሮም የተለበጠ ናስ ሲሆን ወደ ላይኛው ጫፍ በጥቂቱ ይጠብባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በእጅ ስናዞረው ከላይ ሲደርስ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ሲግል ግን የናሱ ቱቦ ይሰፋና ትክክለኛው ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ጥብቀት ከጠፋ፣ ፒስተኑም በቅዝቃዜ ያለ ምንም ተቃውሞ ከላይ ካለፈ፣ ሞተሩ አርጅቷል፤ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል።

እንግዲህ ልወጣው እንዴት ይከናወናል? በቅደም ተከተል ልግለጽ።

የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። አሮጌው ሞተር ተፈትቶ ይታያል። ፒስተኑ በአየር መግቢያው በኩል ከተበላ አቧራ ገብቷል። በጭስ መውጫው በኩል ከተቧጨረ ወይም ቀልጦ ከተለጠፈ ከልክ በላይ ግሏል። ኩሽኔታው ዝጎ ከተገኘ ሜታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ነዳጅ በውስጡ ቀርቶ ከርሟል ማለት ነው። አሮጌ ሞተር የሚጣል ብረት ከመሆኑ በፊት የሚነበብ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው መጣጣምን ማረጋገጥ ነው። የአዲሱ ሞተር የሲሊንደር መጠን ስለተመሳሰለ ብቻ አይገጥምም። የክራንክ ሻፍቱ ርዝመትና ጥርስ፣ ጭስ መውጫው በጎን ወይም በኋላ መሆኑ፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ በገመድ ወይም በሌላ ማስነሻ የሚነሣ መሆኑ ሁሉ መለካት አለበት።

ሦስተኛው ማጽዳትና ማሸግ ነው። የነዳጅ ጋኑ፣ ቀጭኖቹ ቱቦዎች፣ የአየር ማጣሪያው ሁሉ ይታጠባሉ፤ የተሰነጠቀ ሁሉ ይለወጣል። ከማርሚታው ወደ ጋኑ የሚሄደው ቱቦ የጭሱን ግፊት ተጠቅሞ ነዳጁን ይገፋል፤ እርሱ ካፈሰሰ ነዳጁ ይጎድላል። ማጣሪያው በሚያጣብቅ ዘይት ካልራሰ አቧራ አይዝም።

አራተኛው ማገናኘት ነው። የሞተሩ ትንሽ ጥርስና የመኪናው ትልቅ ጥርስ እጅግ ከተጣበቁ ኩሽኔታውን ይበላሉ፤ ከተራራቁ ጥርሱ ይላጫል። የቆየው ዘዴ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ስስ ወረቀት አስገብቶ ሞተሩን ማሰርና ወረቀቱን ማውጣት ነው። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተጨማድዶ ከወጣ ልኩ ነው።

አምስተኛው ማለማመድ ነው። አምራቾች የሚሰጡት መመሪያ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። አዲሱ ሞተር ነዳጅ በበዛበት ድብልቅ፣ በአጫጭር ጊዜ ይሠራል፤ ፒስተኑ ወደ ታች እንዲወርድ ተደርጎ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ ደግሞ ይነሣል። ፒስተኑ በላይኛው ጠባብ ቦታ ከቀዘቀዘ ይጣበቃልና። ከልክ ያለፈ ጥንቃቄም ጉዳት እንዳለው ልብ በሉ። ሞተሩ በቅዝቃዜ ብቻ ለረጅም ጊዜ ከሠራ የናሱ ቱቦ ሳይሰፋ ስለሚቆይ ፒስተኑ ያለ ምክንያት ይፋቃል። ስለዚህ ብዙዎች ከማስነሣታቸው በፊት የሞተሩን ራስ ያሞቁታል። ከተለማመደ በኋላ የራሱ ሙቀት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ እንዲሆን ድብልቁ ይስተካከላል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሀብሩ ወረዳ ተወልዶ ያደገ፣ በወልድያ ባጃጅ የሚያሽከረክር አንድ ወጣት ወደ ቢሮዬ መጣ። ከተማሪዎቼ የአንዱ ዘመድ ነው። እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው በዚያች ባጃጅ ነበር። ከተቀመጠ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ሦስተኛ ሞተር ልገዛ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝ" አለኝ።

"የመጀመሪያው በምን ሞተ?" አልኩት።

"አርጅቶ።"

"ሁለተኛውስ?"

ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ሞተር ነው እንግዲህ ጋሼ፤ ሞተ" አለ።

የሁለተኛው ሞተር ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አሮጌውን ሞተር እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ ከተማሪዎች ጋር ፈታነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ተበልቷል፤ ፋሻዎቹ ስለዋል። ከማጣሪያው በኋላ፣ ወደ ካርቡራተሩ በሚወስደው የጎማ ቱቦ ውስጥ፣ አቧራና ዘይት ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። ማጣሪያው ራሱ ደህና ነበር። ባጃጇን አስመጥተን ከሥር ስናይ ጎማው በታች በኩል ተሰንጥቆ፣ አንድ ሰው በሽቦ ጠፍሮታል። ሁለት ሞተሮች ሲወርዱና ሲሰቀሉ ያ ጎማ ከቦታው አልተነሣም። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በዚያን ቀን ያን ወጣት ለመውቀስ አልቻልኩም፤ የህንዱ ጎረቤቴ ፊት ታየኝ። እኔ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ይዤ የሠራሁትን ስሕተት ነው እርሱ የከፈለበት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል፤ እኛ ግን በሽታውን የምንደብቀው አውቀን ሳይሆን ሞተሩን ቶሎ ወደ ሥራ ለመመለስ ስንቻኮል ነው። ባጃጅ ቆማ የምትውልበት እያንዳንዱ ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። መካኒኩም የሚከፈለው ለገጠመው እንጂ ለመረመረው አይደለም።

የባጃጅ ሞተር ከናይትሮ ሞተር ይለያል። በሀገራችን የምናያቸው አብዛኞቹ ባለ አራት ምት ናቸው፤ መጠናቸው ወደ 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ ፋሻ አላቸው፤ ቅባታቸው ከነዳጁ የተለየ ነው። ከጥንቶቹ መካከል ግን እንደ ናይትሮዋ ባለ ሁለት ምት የሆኑ ነበሩ። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ ከላይ የዘረዘርኩት ቅደም ተከተል አይለወጥም። በመጣጣም ረገድ የሞተሩ ዓይነትና የማሰሪያዎቹ ቦታ ይመሳከራሉ። በማገናኘት ረገድ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዶች ልክ ይስተካከላል፤ የፍሪሲዮን ገመድ ያለ ልክ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። በአየር በሚቀዘቅዙት ሞተሮች ላይ የማራገቢያው መከለያ ቆርቆሮ ተፈትቶ ሳይመለስ ሲቀር አየሩ በሲሊንደሩ ዙሪያ ማለፉን ትቶ ይበተናል፤ ሞተሩም ይግላል። በማለማመድ ረገድ አዳዲስ ፋሻዎች ከግድግዳው ጋር እስኪላመዱ ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት አይመከርም፤ የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ስለሚሰበስብ ቶሎ መለወጥ አለበት።

ነዳጁንም አትርሱ። እጥረት ሲኖር በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት የቤንዚኑ የኦክቴን መጠን ይወርዳል፤ ድብልቁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተኑም ይመታል። ሞተሩ አዲስ መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

አካባቢያችን ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ወደ 82 በመቶ ይወርዳል፤ የሞተሩም ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። የድብልቁ ውፍረት ከአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ በባሕር ወለል የተስተካከለ ሞተር እዚህ በ10 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል።

አደገኛው ግን ተቃራኒው ጉዞ ነው። አንድ ሰው በስተምዕራብ በድልብ በኩል ወጥቶ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ደጋ ላይ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን አስተካከለ እንበል። በዚያ የአየሩ እፍጋት 74 በመቶ ያህል ነው። ከዚያ ተነሥቶ በወልድያ አልፎ ወደ መርሳ ቆላማ የፍራፍሬ ማሳዎች ቢወርድ፣ በ1,600 ሜትር ገደማ እፍጋቱ 85 በመቶ ይሆናል። ያው ሞተር፣ ማንም ሳይነካው፣ በ7 በመቶ ያህል ነዳጅ ይጎድለዋል። በዚያ ላይ ቆላው ይሞቃል። በትንሿ መኪናዬ ይህ ልዩነት በጥቂት የቪቴ ዙር ይታረማል። ተሽከርካሪ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው፣ ደንበኛቸው ወዴት እንደሚነዳ ሳይጠይቁ ካርቡራተር እንዳይነኩ ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ የሕግ ነገር ላንሣ። የናይትሮ መኪናዬን ሞተር ብለውጥ የሚጠይቀኝ የለም። የባጃጅ ሞተር ቁጥር ግን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በሊብሬው ላይ ተጽፏል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይህን ሥርዓት የሚገዛ ሕግ ነው። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የሻጩን ማስረጃ ካልያዘና ለውጡን ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ካላስመዘገበ፣ ሞተሩ ደህና ቢሆንም ተሽከርካሪው በፍተሻ ቀን ወይም በሽያጭ ቀን ይቆማል። ያ ወጣት ለሁለተኛው ሞተር ደረሰኝ አልነበረውም። ለሦስተኛው ግን ይዟል።

ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ፦ መምህር፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎችን ማስገባት ከልክሏል፤ መጫወቻዎቹም ወደ ባትሪ ሄደዋል። ይህን ትምህርት አሁን መማራችን ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አሳውቋል። እኔም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን መምጣት እደግፋለሁ። ነገር ግን ክልከላው ወደፊት የሚገባውን እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን አያጠፋም። ያለው እያረጀ ይሄዳል፤ የሚለወጡ ሞተሮችም ይበዛሉ፤ የሚለውጡትም ባለቤቶች ሌላ ለመግዛት አቅም የሌላቸው ይሆናሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ነገ በባጃጅ ላይ ባትሪ ስትለውጡ፣ አሮጌው ባትሪ ያለ ዕድሜው ለምን ደከመ ብላችሁ ካልጠየቃችሁ፣ ቻርጀሩ ይሁን ሽቦው ሳትመረምሩ አዲሱን ትገድሉታላችሁ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዋጋው ከሞተር ሊበልጥ ይችላል።

ያቺ ባጃጅ እስከ ዛሬ በሦስተኛው ሞተሯ ትሠራለች። ጎማው ተለውጧል። ወጣቱ የሁለተኛውን ሞተር ዕዳ ግን አሁንም እየከፈለ ነው፤ እርሱን ልንመልስለት አልቻልንም። ከእናንተ መካከል ነገ ጋራዥ የሚከፍት ካለ፣ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለምርመራ ዋጋ ተምኑ፤ ደንበኛውም ሞተር ከመግዛቱ በፊት ያንን ዋጋ እንዲከፍል አስረዱት። የናይትሮዋን ሞተር ፈትቶ ማየት የሚፈልግ ተማሪ አሁን ወደ ጠረጴዛው ሊቀርብ ይችላል፤ የተቧጨረውን ፒስተን ከጎኗ አስቀምጬዋለሁ።